አባቴ ወደ ሐይቁ የሚመልሱት አምባዛ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ሀብተ ወልድ በየነ፤ ዝዋይ።

አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ውኃ ውስጥ ሲቆሙ የሚነዝርዎት ነገር ተሻለዎት ወይስ እንደ ልማድዎ «ደህና ነው» እያሉ ደብቀውናል? እማዬ እንዴት ናት፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች? ወንድሜ ጌዲዮን ጀልባዋን ጠገናት? ሐይቁስ ከክረምቱ በኋላ ሞላ? እኔ ልጅዎ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንዲያውም ወፍሬያለሁ፤ ናፍቆታችን አላከሳትም ብላችሁ እንዳትቀየሙኝ።

ደብዳቤ መጻፌ ይገርምዎት ይሆናል። በስልክ ሲሆን «ደህና ነሽ? እንኳን ደህና ሆንሽ፣ እንቺ እናትሽን» ብለው ስልኩን ለእማዬ ይሰጧታል። የዛሬው ነገር ደግሞ በዚያች ግማሽ ደቂቃ የሚያልቅ አይደለም። እዚህ ኩዌት፣ ሳልዋ ሰፈር፣ ጎረቤት ቤት የምትሠራው የሺመቤት ለዕረፍት አገር ስለምትገባ ወረቀቱን በእጇ ታደርስልኛለች። እህቴ ሲምረት፣ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽና ደስ የማይልሽ ቦታ ስትደርሺ እንዳትዘልዪው። ሁሉንም አንብቢ።

አባቴ፣ ትምህርት ጀምሬያለሁ። ይኸው ተናገርኩት። ስምንት ወር ሆነኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ኮሌጅ በስልክ የሚሰጠው የርቀት ትምህርት ነው። አሁን የምንማረው የጀርባ አጥንት ስላላቸው እንስሳት ነው፤ መጽሐፉ ደንደሴ ይላቸዋል። ስንት ዓይነት እንደሆኑ፣ በምን እንደሚመሳሰሉ፣ ማን ከማን ወገን እንደሚመደብ እንማራለን። ዓሦች አሉ፣ እንቁራሪት አስተኔዎች፣ ገበሎ አስተኔዎች፣ አዕዋፍና አጥቢዎች አሉ። አሠሪዬ ማዳም ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል ልብስ እየተኮስኩ ትምህርቱን በጆሮዬ አዳምጣለሁ። አንድ ቀን በጀምዒያ፣ ማለት በሰፈሩ ሱቅ ደረሰኝ ጀርባ ላይ የዓሣ አጥንት ስስል አገኘችኝ። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ልጇ ያልጨረሰችውን ደብተር አምጥታ ሰጠችኝ። ዓርብ ዕረፍቴ ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሚርቃብ ሰፈር፣ ሳሙኤል የሚባል ሰው ቤት ስድስት ሆነን እንሰበሰባለን። ሳሙኤል እዚህ ሹፌር ነው፤ አገር ቤት ግን የባዮሎጂ መምህር ነበር። እስካሁን ሲያስረዳ ጠመኔ የያዘ ይመስል ጣቶቹን በሱሪው ይጠርጋል።

እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎት ፈርቼ ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለሁ፣ እማዬ የታመመች ጊዜ፣ «ይበቃሻል፣ ቤቱን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል» ብለው ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው ስሜን ከመዝገብ ያሰረዙት እርስዎ ነዎት። ጌዲዮንን አላስወጡትም። ለምን እንዳደረጉት አውቃለሁ፤ ያኔም አውቅ ነበር። ግን ተቀይሜዎት ነበር። ቂሙ ጨርሶ ወጥቷል ብዬ ከምዋሽዎት ቀንሷል ብል ይሻለኛል።

የመጀመሪያው የቤት ሥራችን ሃያ እንስሳትን በየወገናቸው መመደብ ነበር። ዓሦቹ ጋ ስደርስ ኮራሁ። የዓሣ አስጋሪ ልጅ ነኝ፣ እኔን ማን ያርመኛል? ቆሮሶን ጻፍኩ፣ ዱባ የምንለውን ዓሣ ጻፍኩ። አምባዛ ላይ ስደርስ ግን ሳላመነታ ከዓሦቹ አውጥቼ ከእንቁራሪቷ ጎን አስቀመጥኩት። ቅርፊት የለው፣ ቆዳው ይሙለጨለጫል። ከልጅነቴ ጀምሮ አምባዛ መረብዎ ውስጥ በገባ ቁጥር «ይኼ የእኛ አይደለም፣ ቅርፊት የሌለው አይበላም» እያሉ ወደ ሐይቁ ሲመልሱት አይቻለሁ። እዚህ ብመጣም ማዳም በእነሱ በሺዓ ሙስሊሞች ሃይማኖት እንደማይበላ ነግራኝ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ቤቷ አታስገባም። የእኛም የእነሱም ሰው አንድ ቃል ከተናገረ ምን ጥያቄ አለው ብዬ አረፍኩ።

ሳሙኤል ወረቀቴን ሲያይ ሌሎቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። «ትንሣኤ፣ አምባዛ ዓሣ አይደለም ያለሽ ማን ነው?» አለኝ። «አባቴ» አልኩት። የሚበላውን ከማይበላው መለየት አንድ ነገር፣ ወገኑን ማወቅ ሌላ ነገር መሆኑን ሊያስረዳኝ ቢሞክር አሻፈረኝ አልኩ። በቀጣዩ ዓርብ ሚርቃብ አጠገብ ወዳለው የዓሣ ገበያ ወሰደኝና ቅርፊት የሌለው ጺማም የባሕር ዓሣ ገዝቶ ቢላ ሰጠኝ። መክፈቱን ማንም ሊያሳየኝ አላስፈለገም፤ እርስዎ ያስተማሩኝ እጅ ነው። ስከፍተው እንደ ቆሮሶው ውኃ ውስጥ የሚተነፍስበት ስንጥብ አለው። ክንፍ አለው። ከራሱ እስከ ጅራቱም ያ የአጥንት ሰንሰለት ተዘርግቷል። ሰው ግራና ቀኝ እየተጋፋኝ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። እርስዎ የተሳሳቱ መስሎኝ ነው ያለቀስኩት።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ለእርስዎ ተሟገትኩ። አባቴ እኮ ስለ አምባዛ ያላዩት የለም፣ ሐይቁ ሲጎድል ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ እንደሚቆይ ያውቃሉ፣ ዝናብ ሲዘንብ በሳሩ ላይ ተስቦ ወደ ሌላ ውኃ ሲሄድ አይተውታል፣ ከመረብ የወጡት ሁሉ ሞተው እሱ ብቻ ሲተነፍስ ይገኛል አልኩት። ሳሙኤል መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ለካ አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚስብበት አካል አለው፤ እኛ ገና ያልደረስንበት ምዕራፍ ነው። «ይኼንንስ ማን ነገረሽ?» አለኝ። «አባቴ» አልኩት። «እንግዲያው አባትሽ አልተሳሳቱም። እሳቸው አይበላም ነው ያሉሽ፤ ዓሣ አይደለም የሚለውን የጨመርሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እርስዎ እንደዚያ ብለው አያውቁም።

በጥቅምት የማዳምን ልጆች ይዤ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወርጄ ነበር። ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ሲገለጥ ዓይኖቹ አናቱ ላይ ያፈጠጡ፣ በፊት ክንፎቹ እየተደገፈ ጭቃው ላይ የሚዘል ትንሽ ፍጥረት አየን። ልጆቹ እንቁራሪት ነው አሉ። እኔም እንደ ድሮዬ ብሆን እንደዚያው እል ነበር። ያን ጊዜ ግን የእርስዎ አምባዛ ትዝ አለኝና ጎንበስ ብዬ ክንፉን አየሁ፣ ስንጥቡን አየሁ፤ ዓሣ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ፈተና ላይ የዚያው ፍጥረት ሥዕል መጣ። ከስድስታችን አውቄ የመለስኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ፈተናውንም አልፌያለሁ። እማዬ፣ እልል በይልኝ፤ ግን ቀስ ብለሽ፣ ጎረቤት ዳር ዳሩን ሰምቶ ታገባለች እንዳይል።

አሁን የቀረኝ አንድ ሥራ ነው፤ ያለ እሱ የምስክር ወረቀት የለም። በትውልድ ቦታችን ያሉ አሥር ደንደሴ እንስሳትን ሰው በዓይኑ ወር ሙሉ ተከታትሎ ያየው ተጽፎ መቅረብ አለበት። ከስልክ መገልበጥ አይፈቀድም። እኔ ደግሞ ሳልዋ ተቀምጬ ዝዋይን ማየት አልችልም። አባቴ፣ ዓይንዎን ያውሱኝ። ጠዋት መረብ ሲያነሱ ያዩትን፣ ጉማሬው የት እንደዋለ፣ አርጃኖው ምን እንደበላ፣ ዓሣ ሲጸዳ የሚሰለፉት ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ስንት እንደነበሩ ለሲምረት ይንገሯት፤ እሷ ትጻፈው። ጊዜው እስከ ጥር መጨረሻ ነው። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሰኔ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ እንዲታደስ አልፈልግም። መጥቼ የቀረውን ትምህርት ከእናንተ ጋር ሆኜ ልማር።

ኮሌጁ የላከው ቅጽ ላይ ሁለት መስመር አለ። በአንዱ የተማሪ ስም፣ በሌላው የተመልካች ስም ይላል። በመጀመሪያው ትንሣኤ ሀብተ ወልድ ብዬ ሞላሁ። በሁለተኛው ሳላስፈቅድዎት ሀብተ ወልድ በየነ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሁለቱን መስመሮች ስመለከት፣ ያን ጊዜ ስሜ ከመዝገብ ሲሰረዝ የእርስዎም ስም አብሮ መሰረዙ ገባኝ። ያን ዕለት ይህን ያሰቡት አይመስለኝም፤ እኔም አላሰብኩትም። ይኸው አሁን ሁለቱም ተጽፈዋል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ጌዲዮንን ጀልባዋን በሰው እጅ እንዳይተዋት በሉልኝ፤ ለሥራዬ ታስፈልገኛለች። ሲምረት፣ እስክሪብቶና ደብተር በየሺመቤት እጅ ልኬልሻለሁ፤ የእጅ ጽሑፍሽን አሳምሪ። የነቢያት ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ስለቀረው ለሁላችሁም የበረከት ጾም ያድርግላችሁ።

አባቴ፣ አምባዛ መረብዎ ውስጥ ከገባ እንደ ልማድዎ ወደ ሐይቁ ይመልሱት፤ ይብሉት አላልኩም። ከመመለስዎ በፊት ግን እባክዎ ጺሞቹን ይቁጠሩልኝ።

ልጅዎ ትንሣኤ ሀብተ ወልድ
ሳልዋ፣ ኩዌት
ዓርብ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.