ጉዳት ያልተመዘገበበት ዓመት

ለተከበሩ አቶ አለልኝ፣
የንጋት ወጣቶች እግር ኳስ ክለብ ሊቀ መንበር፣
ክሪስታል፣ ሚኒሶታ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ራስዎን እንደማያምዎ፣ ብርሃን እንደማይረብሽዎ፣ የጀመሩት ዓረፍተ ነገርም መሃል ላይ እንደማይጠፋብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ሊና እነዚህን ሁሉ በእርስዎ አመራር አግኝታቸዋለችና ከልቤ ነው የምመኝልዎ።

ባለፈው ቅዳሜ በክለቡ በዓል ላይ «ዘንድሮ አንድም የጭንቅላት ጉዳት አልተመዘገበብንም» ብለው ሲያስጨበጭቡ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። እውነትዎን ነው፤ አልተመዘገበም። እንዴት እንዳልተመዘገበ ያላጨበጨብነው ወላጆች ለተቀሩት ብናስረዳ እንደማይከፋዎ አምናለሁ።

አንደኛ፤ ኒው ሆፕ በነበረው ልምምድ ሊና ከሌላ ልጅ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨች። የክለቡ አትሌቲክ ትሬነር ኢብሲቱ፣ ማለትም የተጎዳ ተጫዋች አይታ የምትመዘግብና መቼ ወደ ሜዳ እንደሚመለስ የምትወስነው ባለሙያ፣ አስቀምጣ ስትጠይቃት ልጄ የት እንዳለች እንኳ አላወቀችም። ኢብሲቱም «ኮንከሽን፣ የአንጎል መናወጥ ነው፤ ሐኪም ሳያያት እንዳትጫወት» ብላ የክለቡ የጉዳት መመዝገቢያ ሲስተም ውስጥ አስገባች። ልትደውልልኝ ስትል እርስዎ «ተይው፣ ቤተሰቡን አውቀዋለሁ፣ እኔው እነግራታለሁ» አሏት። በእርግጥም ደወሉልኝ። «ዘመናይ እህቴ፣ ልጅሽ ትንሽ ደክሟታል፤ ውሃ በደንብ አጠጪያት» አሉኝ። እኔም አመሰገንኩዎት። ያንን ምስጋና ዛሬ እንዲመልሱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ሊናም ከፍጻሜው ጨዋታ እንዳትቀር ብላ ሕመሟን ዋጥ አደረገችው። እሷስ ልጅ ናት።

ሁለተኛ፤ ከስልኩ በኋላ «ኮንከሽን» የሚለውን በእጅዎ «ድካም» ብለው ቀየሩት። ሐኪሞች ወራት የሚፈጅባቸውን ሕመም በአንድ ጣት የሚፈውሱ ሰው በእግር ኳስ ክለብ ተወስነው መቅረትዎ ለዓለም ጉዳት ነው።

ሦስተኛ፤ ኩን ራፒድስ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ አሰለፏት። ኳስ በቴስታ መታች፣ ተዝለፈለፈች፣ ሣሩ ላይ አስታወከች። ከተመልካቹ መሃል ሮጬ ስደርስ፣ በእርስዎ «ዛሬ አታስፈልጊም» ተብላ አጠገባችን ባለው ሜዳ ከሌላ ቡድን ጋር የነበረችው ኢብሲቱም ደርሳ ነበር። «ይቺን ልጅ ማን አሰለፋት? ኮንከሽን ነው ብዬ ጽፌ የለም?» ብላ ጮኸች። እርስዎ ስልክዎን አውጥተው «ሲስተሙ የሚለው ድካም ነው» አሉ። ልጄ እግርዎ ሥር ወድቃ፣ እርስዎ ስልክ ያነቡ ነበር። እውነቱን ከኢብሲቱ አፍ የሰማሁት እዚያው ሣር ላይ ተንበርክኬ ነው። በማግስቱም እሷን «የክለቡን ሰላም አወከች» ብለው አሰናበቷት።

ጉዳዩን ክለቦቹን ወደሚያስተዳድረው ሊግ እንዳልወስድ ደግሞ ሽማግሌ ላኩብኝ። ስለ ክብሩ እግዜር ይስጥልኝ። በጠራራ ፀሐይ የቤታችን መጋረጃ ተዘግቶ ስላገኙት አንደኛው አባት መብራቱን አበሩት። ሶፋው ላይ የተኛችው ሊና ፊቷን በትራስ ሸፍና «ማም፣ ፕሊስ፣ ላይቱን ኦፍ አድርጊው» ብላ አለቀሰች። እኚሁ አባት መብራቱን መልሰው አጠፉት፤ ሽማግሌዎቹም የተላኩበትን ሳያነሱ ተነሡ። በር ላይ ታላቃቸው «ልጄ፣ የላከን ሰው ይህን አልነገረንም። ልትሄጂ ወዳሰብሽበት ሂጂ» አሉኝ። ሄድኩ። በበዓሉ ማግስት ከሜዳ እንዳይደርሱ ያገደዎት የሊጉ ውሳኔም የዚያ መንገድ ውጤት ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት።

ሊና አሁን ትምህርት ቤት ግማሽ ቀን ትውላለች። አንድ ገጽ አንብባ ዓይኗን ጨፍና ታርፋለች። «መቼ ነው የምጫወተው?» ትለኛለች። እርስዎ መልሱን የሚያውቁ ከሆነ ግን አደራዎን፣ አይደውሉልን።

እርስዎን ለማክበር ብዙ ደክማ ያልተሳካላት፣
ዘመናይ ይልማ፣ የሊና እናት

ማስታወሻ፦ ልጅዎ ኤርሚ ጉልበቱ እንዳበጠና የኢብሲቱን ስልክ በሰው በሰው እያፈላለጉ እንደሆነ ሰማሁ። ቁጥሯን ልኬልዎታለሁ፤ እሷም «ልጁ ምን አጠፋ? ይምጣ» ብላለች። ይውሰዱት። ምን እንደሆነ ስትጠይቅ ግን እርስዎ አይመልሱ፤ ልጁ ራሱ ይናገር።