ለምሳ የጠራኝ ሐዲድ

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለአስካልዬ፣

ነፍስሽ በአብርሃም ዕቅፍ ትረፍ። እኔ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከተለየሽኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ይህን የምጽፍልሽ አንቺው ባስተማርሽኝ ፊደል ነው፤ ቢንጋደድ ጥፋቱ የተማሪው እንጂ የአስተማሪዋ አይደለም። ልጃችን ሰናይት «አንተ ተናገር፣ እኔ ልጻፍልህ» ብላኝ ነበር። እኔ ለሚስቴ ስጽፍ እሷ ምን ቤት ናት? እምቢ አልኳት።

ቤቱ እንደተውሽው ነው። ቀይዋ ፍየል መንታ ወልዳለች። የኒም ዛፏ አድጋ ጣሪያውን አልፋዋለች፣ ከሰዓት በኋላ ጥላዋ እስከ ደጃፉ ይደርሳል። እሷ ላይ ያንጠለጠልኩልሽ የሐዲድ ቁራጭም እዚያው አለ። ምሳ ሲደርስ በብሎን ስትመቺው መንደራችን ሁርሶ በሙሉ ይሰማ ነበር፤ እኔም መስመር ላይ ሐዲድ ስጠግን ውዬ መዶሻዬን ጥዬ እመጣ ነበር። ከሄድሽ ወዲህ ግን ማንም አልነካውም። የሰፈር ልጆች ሊመቱት ይመጡና ከዘራዬን ሲያዩ ይመለሳሉ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ብቻዬን ድሬ ሄጄ፣ ሆቴል አድሬ፣ ከተማ ስጎበኝ ሰነበትኩ። አትሳቂ።

ነገሩን ያመጣችው ልጅሽ ናት። አዳማ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አዘጋጅታልኛለች። ቤቱን ቆልፈህ ና ትለኛለች፤ አርጅተሃል፣ ብቻህን ከበር ብትወጣ ትጠፋለህ ትለኛለች። ዕድሜውን ሐዲድ ላይ የጨረሰ ሰው ይጠፋል? ፎቅ ላይ ተቀምጬ የሰው ቆርቆሮ ሳይ ልሙት? ብዙ ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ ተወራረድን። ቅዳሜና እሁድን ድሬዳዋ ብቻዬን ቆይቼ በራሴ እግር ከተመለስኩ የአዳማ ነገር ሁለተኛ አይነሳም። ሰው ደውሎ «አባትሽ ጠፍቶ አገኘሁት፣ ነይ ውሰጂው» ካላት ግን ቃል ሳልተነፍስ ጓዜን እጠቀልላለሁ። እኔም አላርፍ ብዬ፣ ማንንም መንገድ አልጠይቅም የሚል ጨመርኩበት። እሷ እንኳ አላለችም ነበር።

ታውቂያለሽ፣ ድሬን ስንመላለስባት ኖርን እንጂ አላየናትም። ሐኪም ቤት፣ ቀፊራ ገበያ፣ ለቅሶ፣ ከዚያ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠን ሩጫ። «አንድ ቀን አድረን እንያት» እንባባልና ፍየሎቹን ማን ያስገባቸዋል ስንል ነገሩ ያበቃል። ስለዚህ የሄድኩት ለውርርዱ ብቻ እንዳይመስልሽ። ላንቺም አይቼልሻለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ አንቺ በምትወጂው በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሚሉት አካባቢ ሌሊት ሲሠሩ ያደሩ ልጃገረዶች እየተሳሳቁ ገቡ። አንዷ አጠገቤ እንደተቀመጠች ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። እጄ ደነዘዘ፤ ድሬ እስክንደርስ ግን አልተነቃነቅኩም። ስትወርድ «አባቴ፣ ትራስ ሆንክልኝ» አለችኝና ሮጠች።

ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ተቃቅፈው መንገዱን ጥላ አልብሰውታል። እዚያው አንዲት ትንሽ ሆቴል ገባሁ። እንግዳ የምትቀበለው ልጅ «እርስዎ» ስትለኝ የሌላ አገር ልጅ መሆኗን አወቅኩ፤ የድሬ ሰው ሕፃኑም ሽማግሌውን «አንተ» ነው የሚለው፣ እኔም ለምጄዋለሁ። ሌላ የሚመጣ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ክፍሉ ውስጥ ግን ጣሪያው ላይ የሚሽከረከር ማራገቢያ አለ። አስካልዬ፣ እሱን ብታዪ ከአልጋው አትነሺም ነበር። እኔም ጫማዬን አውልቄ ከሥሩ ተጋደምኩና እንደ ጌታ ትንሽ ቆየሁ።

ከዚያ ወጣሁ። ድሮ አንቺ ከኋላዬ ሆነሽ ጽሑፉን ታነቢና በሹክሹክታ «በግራ» ትዪኛለሽ፣ እኔ ከፊት ከፊት እንደሚያውቅ ሰው በግራ እታጠፋለሁ። አሁን ራሴው አነበብኩ። አንዱ ደጃፍ ላይ ቆሜ ፊደል በፊደል ስለቅም ባለሱቁ ምን ልርዳህ ብሎ ወጣ። ጽሑፍህ አሪፍ ነው አልኩት። የፀጉር ቤት መሆኑን አንብቤ የጨረስኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ወንበሩ ላይም አስቀምጦ ጢሜን ላጨኝ። ተላጭቼ ስወጣ ድሬ ይበልጥ አማረችኝ።

ለገሃር ስደርስ አሮጌው ጣቢያ ደጃፍ ላይ ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ከዚያ ማንንም መንገድ ላለመጠየቅ ብልሃት አገኘሁ፤ ሐዲድ የያዘ ሰው አይጠፋም ብዬ አሮጌውን መስመር ተከተልኩ። ሐዲዱ አሸዋ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ልባሽ ጫማ የተደረደረበት ቦታ አለ፣ ፍየል የታሰረበት ቦታ አለ። እየተከተልኩ ሄድኩ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፣ ሱቁ ሁሉ እንደ ድሬ ልማድ ለቀትር እረፍት ተዘጋ፣ መንገዱ ላይ እኔና ውሻ ብቻ ቀረን። የት እንዳለሁ አላውቅም። ለሌላ ሰው አልናገረውም፣ ላንቺ ግን እነግርሻለሁ።

በዚህ መሐል ሰማሁት። ብረት ሐዲድ ሲመታ፣ ያ ረጅም ሆኖ አየር ላይ የሚቀር ድምፅ። የምሳ ድምፅ። አላሰብኩም፣ አስካልዬ፣ እግሬ ራሱ ሄደ። ሐዲዱ በአጥር ሥር ሾልኮ ይገባል፣ እኔም በተከፈተው በር ተከትዬው ገባሁ። የተሰጣ ልብስ ገልጬ ብቅ ስል የማላውቀው ሰው ግቢ መሐል ቆሜያለሁ። ሐዲዱ በግቢው ውስጥ ያልፋል፣ አንዲት ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት ብሎን ይዛ ሐዲዱ ጎን ቆማለች፣ ቤተሰቡ ለምሳ እየተሰበሰበ ነው። ሁሉም ያየኛል።

ምን ልበል? ጎንበስ ብዬ የሐዲዱን መጋጠሚያ አየሁና ብሎኑ ላልቷል አልኳቸው። ሴትየዋ፣ ሐሊማ ትባላለች፣ ክው አለች። ከቀበሌ አጥሯን ሊያስፈርስ የመጣ ሰው መስያታለሁ። አይደለሁም ብዬ ማልኩላት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ በላብ የራሰ ሸሚዜን አየች፣ ድምፅዋ ለሰለሰ።

«አቦ፣ ጠፍተህ ነው እንዴ? የልጅ ስልክ ካለህ ስጠኝ፣ ልደውል።»

አዳማና አራተኛው ፎቅ ታዩኝ። ከዘራዬን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ።

«እኔ አልጠፋሁም» አልኳት። «የጠፋው ሐዲዱ ነው።»

ሐሊማ ሐዲዱን አየች፣ አጥሩን አየች፣ ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ለቤተሰቧ በኦሮምኛም በሶማልኛም ነገረቻቸው፣ በየቋንቋው ደግመው ሳቁብኝ። «ኮቱ፣ ታኢ» አለችኝ፣ ና ተቀመጥ ማለቷ ነው። አፌን ሳልከፍት አንገቴ ላይ ማተቤን አይታ «ያንተን አውቃለሁ፣ ሥጋ የሌለበት አለ» ብላ ድንች የገባበት ሩዝ ለብቻው አቀረበችልኝ። ከጎኑ ሙዝ አስቀመጠች። ሩዝ በሙዝ! እንደ እነሱ ሙዙን እየገመጥኩ ሩዙን ጎረስኩ። ደግመው ጨመሩልኝ፣ ከዚህ በላይ አልናገርም። እየበላሁም ስለ ኒሟ፣ ስለ ሐዲዱ ቁራጭ፣ ስላንቺ ነገርኳት። መብላቷን ትታ ሰማችኝ።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። ሰናይት ናት። እጄ ሩዝ ነክቷል፣ እስክጠርግ ሐሊማ አንስታ አነጋገረቻት። ልጅሽ የሴት ድምፅ ስትሰማ ደንግጣ አባቴ ምን ሆነ፣ ጠፋ ወይ እያለች ስትጮህ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ማን ጠፋ?» አለቻት ሐሊማ። «ምሳ ደርሶ ጠራሁት፣ መጣ።»

እንዴት አድርገሽ ጠራሽው አለቻት መሰለኝ፤ ሐሊማም ብሎኑን አንስታ ስልኩን ወደ ሐዲዱ ዘርግታ አንድ ጊዜ መታችው። ያ ድምፅ ሰናይትንም አሳድጓታል፣ ታውቂያለሽ፤ ከጨዋታ የሚያስሮጣት እሱ ነበር። ቆይታ አባቴን ስጪኝ አለች። ድምፅዋ ረጥቧል፣ ግን ትስቃለች። «እሺ አባዬ፣ ብላ» አለችኝ። ስለ አዳማ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም።

እሁድ ቅዳሴ አስቀደስኩ፣ ስምሽን አስጠራሁ። የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተሻግሬ መጋላ ገበያ ገባሁ፤ ሽቶው፣ ጨርቁ፣ የሰዉ ጫጫታ ደስ ይላል። ሙሸበክ ገዛሁ፤ ያ ቀለበት በቀለበት የሆነው ጣፋጭ አሁንም ጣት ያጣብቃል። አንቺ የምትወጂውን መሐሉን መጨረሻ አስቀርቼ፣ አደራሽን ብዬ በላሁልሽ። ከዚያ መፍቻ ተውሼ ሐሊማ ቤት ተመለስኩና ብሎኑን አጠበቅኩላት። ባቡር እንደማያልፍበት አጥቼው አይደለም። ላልቶ ማየት ግን አልወድም። ስወጣ ከሁርሶ ሰው ሲመጣ ሰላምታ እንድልክላት አስማለችኝ።

ሁርሶ ስወርድ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ፍየሎቹን ጎረቤት አስገብቶልኛል። በሬን ከፈትኩ፣ ባርኔጣዬን ሰቀልኩ፣ ከዚያ መለስ ብዬ ወጣሁና ያንቺን ብሎን ከኒሟ ሥር አነሳሁ። ዝጓል። እንደዛገም መታሁት። ፍየሎቹ ቀና አሉ፣ ጎረቤት ከየበሩ ብቅ ብቅ አለ፤ የመጣው ማን ነው ሲሉ እኔ ነኝ አልኳቸው።

አስካልዬ፣ እጄ ብሎን እስካነሳ ድረስ ከየትም ስመለስ እመታዋለሁ። የሰፈር ልጆችንም ካሁን በኋላ አልከለክልም፣ ያንቺ ድምፅ ዝም ብሎ አይዝግም። ሲደወል ስትሰሚ የኔ ሰው ቤቱ ገባ በይ።

ያንቺው፣
ታደሰ