መርዶ ይዞ ቢሮ መዋል

እማዬ፣

ከተለየሽን ሁለት ፋሲካ አለፈ። እዚህ ሱዳን፣ ዴም ሰፈር ያለችው ቤታችን እንዳለች ናት። መንግሥት ወረደ፣ ከተማው በደስታ ጨፈረ፤ የዳቦው ሰልፍ ግን አንቺ እንደተውሽው ነው። አባባ አበቦችሽን እኔ ካልተንከባከብኩ ብሎ ውኃ እያበዛ ግማሾቹን አበሰበሳቸው።

እኔ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ባለው ያንቺው ቢሮ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ። ሙዲሩም ያው የምታውቂው ሱዳናዊ አለቃ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን አንዲት ስህተት ካገኘ ቀኑን ሙሉ ሲያነሳት ይውላል። አንቺንም ስንቴ አስጠነቀቀሽ! አንዳንድ ቀን ከሥራ ትገቢና የታጠበውን ልብስ እንደገና ታጥቢ ነበር። እኛ ደም ግፊትሽን የሥራ ብዛት ያመጣው ይመስለን ነበር።

አንቺ ሳለሽ ኢንተርኔት የተዘጋ ጊዜ የሰፈሩ አበሻ ሁሉ የቢሮሽን ስልክ ለአገር ቤት ዘመዱ ሰጥቶ ነበር። ዛሬም የሚደውሉት እዚያው ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት ስልኩን ሳነሳ፣ የጎረቤታችን የእትዬ ዘውዴ ወንድም ጎንደር ላይ ማረፉን ሰማሁ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች እስኪያረዷት አፌን መያዝ ነበረብኝ። ቀትር ላይ ራሷ መጣች። ስለ ታመመው ወንድሟ ከአገር ቤት የደወለ ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ኢንሻላህ ነገ ይደውላሉ ብላ፣ ምነው ከሳሽ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። እማዬ፣ ያን ሁሉ ዓመት አንቺ ምን ይዘሽ እንደምትገቢ የገባኝ ያኔ ነው።

ከሰዓት በኋላ የአንዱን ደንበኛ ደብዳቤ ለሌላው ላክሁት። ሙዲሩ ሲቆጣኝ አለቀስኩና ሁሉንም ነገርኩት። ሱዳኖች ሰው ሲሞት ወዲያው ነው የሚነጋገሩት፤ ለምን እንደምንደብቅ ግራ ገባው። ሰው ኀዘኑን ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ነው አልኩት። እናትሽም እንዲህ ታደርግ ነበር ወይ አለኝ። አዎ አልኩት።

ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ ለእሱ ነግሬ ወደ ቤት እንድሄድ አዘዘኝ፤ የቢሮው ደብዳቤ ኋላ ይደርሳል አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ አላውቅም ነበርና እናትሽ ይቅር እንድትለኝ ለምኚልኝ አለኝ። ሙዲር መሆኑን እንኳ ረስቶት ነበር። ሙት እንዴት እንደሚለመን ስላላወቅሁ ይኸው ጻፍኩልሽ።

የሰውን ሁሉ መርዶ ብቻሽን ይዘሽ ስትውዪ የጠየቀሽ አልነበረም። እኔ በሕይወት እስካለሁ ይህን አልረሳም፤ ለልጆቼም እነግራቸዋለሁ።

ልጅሽ