ከሆለታ ወዲህ ጉልበት ያጣው መኪናህ

ግርማዬ፣

ከትከሻዬ ላይ አንስተው ከወሰዱህ ዓመት አልፎ ሌላ ክረምት ገባ። እንዴት ነህ እንዳልልህ መልስ የለህም፤ እንዴት ነሽ ብትለኝም የምመልሰው ጠፍቶኛል። ስለዚህ የቤቱን ወሬ ልንገርህ።

ከጎናችን ፎቅ ተሠርቶ የግቢያችንን ፀሐይ ጋርዶታል። መኪናህን የምታጥብበት ጥግ አሁን እስከ ቀትር ጥላ ነው። ፒክአፑ እዚያው ቆሞ ከረመ። ልጃችን ዮናስ ካንተ ቀብር ወዲህ መሪ አልጨበጠም። ቀራንዮ አንድ እንጨት ቤት ተቀጥሮ በታክሲ ይመላለሳል፤ ሲገባም ሲወጣም መኪናውን ላለማየት የአጥሩን ጥግ ይዞ ይሄዳል።

ምክንያቱን አንተ አልሰማህም። ለቅሶው ላይ ወንድምህ ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ «ልምድ ያለው ሹፌር ቢነዳው ኖሮ ሐኪም ቤት ይደርስ ነበር፤ ይሄ ረግጦ ረግጦ መንገድ ላይ አስቀረው» አለ። ዮናስ ንፍሮ እያደለ ነበር። ትሪውን አስቀምጦ ወጣ።

ያን ቀን እኔም ነበርኩ። አዲስ ዓለም ዘመድ ጠይቀን፣ ታንኩን ሞልተን ስንመለስ፣ ሆለታን እንዳለፍን ደረትህን ያዝክ። መሪውን ለዮናስ ለቅቀህ በበሩ በኩል ተቀመጥክና ራስህን ትከሻዬ ላይ ጣልክ። ልጅህ ረገጠው። ጥቂት እንደሮጠ መኪናው ጉልበት አጣ፤ ነዳጅ ቢሰጠውም አልሰማ አለ፣ ተንፏቆ ተንፏቆ ጠፋ። ቆይቶ ተነሣ፤ ፍጥነት ሲይዝ እንደገና ከዳን። ዮናስ በቆመ ቁጥር እየወረደ ኮፈኑን ይከፍታል፣ ምንም አያገኝም። በኋላ በሰው መኪና ሐኪም ዘንድ ስንደርስ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን» አሉን። ይህን ባይሉት ምን ነበረበት።

የመኪናውን ጥፋት ማወቅ የፈለግሁት ልሸጠው አይደለም። ዮናስ ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ በዓይኑ እንዲያይ ነው። የኮልፌ መካኒኮች ፊልትሮ ቀየሩ፣ ፖምፓ ፈቱ፤ በሰፈር መንገድ ሲነዱት ምንም የለውም። ሰይፉ የሚባል ጨዋታ ወዳድ መካኒክም ጋራዡ ውስጥ አስነሥቶ አስጮኸውና «ማዘር፣ ይሄ መኪና ከእኔ ጤነኛ ነው፤ ይልቅ እኔን ያሳክሙኝ» አለኝ። እዚህ አይታመምም፣ አውራ ጎዳና ላይ ነው የሚታመመው ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ባለፈው ቅዳሜ ታንኩን ሞልተን ወደ ሆለታ ወጣን። ዮናስን ለምኜ አመጣሁት። አንተ በነበርክበት በኩል ተቀመጠ።

ቡራዩን አልፈን መንገዱ ሲለቅልን ሰይፉ ረገጠው። እንደዚያን ቀኑ ሆነ። መጀመሪያ መንገጫገጭ፣ ከዚያ ዝለት። ሰይፉ ኮፈኑን አልነካም። ቁልፉን ለዮናስ አቀበለና «አንተ ጎረምሳ፣ ውረድና የናፍጣውን ክዳን ክፈትልኝ» አለው። ሲከፍተው አየሩ እያፏጨ ወደ ውስጥ ሲገባ ሁላችንም ሰማን። ሞተሩ ተነሣና ጋለበ። ክዳኑን ስንዘጋ ደከመ፣ ስንከፍት ዳነ።

ታንኩ ናፍጣ በሰጠ ቁጥር በምትኩ አየር ማስገባት አለበት፤ ክዳኑ ላይ ለዚሁ የተተወች ቀዳዳ አለች። ሰፈር ውስጥ ጥቂት ጥቂት ስለሚጠጣ ችግሩ አይታወቅም፤ ሲሮጥ ግን ታንኩ ናፍጣውን ይዞ ይቀራል። ሰይፉ ከክዳኑ ውስጥ ክብ ሆኖ የተቆረጠ ላስቲክ አወጣና ሳቀ፤ «ማነው እንዲህ ያሸገው? ካዝና አስመሰለው እኮ!»

እኔና ዮናስ አልሳቅንም። ሌቦች ናፍጣህን በቱቦ መጥጠው የወሰዱብህ ሰሞን ቁልፍ ያለው ክዳን ገዛህ። ልክ አልሆን ብሎ ቢያንጠባጥብ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠህ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ያቺን ላስቲክ ቆረጥክለት። ሁለታችንም አይተንሃል። ቀዳዳዋን የደፈንካት ያኔ ነው።

ግርማዬ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ወደ ልጄ ዞሬ «አየህ? አንተ አይደለህም» አልኩት። ቀና ብሎ አላየኝም።

«ስንቴ ወረድኩ እማዬ?» አለ። «ኮፈኑን ስከፍት ይሄ ክዳን እዚሁ አጠገቤ ነበር። አንዴ ብፈታው ኖሮ ያደርሰን ነበር።»

በአንተ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሸክሙን ላወርድለት ብዬ ጨመርኩበት፤ በፊት የሚያሠቃየው ጥርጣሬ ነበር፣ አሁን ግን እርግጠኛ ነው። ቤት ስንገባ «ስሙን እኔ ፊት አታንሺብኝ» አለኝ። ፎቶህን ከሳሎን አውርጄ መኝታ ቤት አስገባሁት። ምሳ ሳቀርብ አባትህ ይህን ይወድ ነበር ልል እጀምርና እውጠዋለሁ። መኪናው እንደ ጥንቱ ይሮጣል፤ የሚነዳው የለም።

እኔ አልተቀየምኩህም። ስምህን የምጠራው መድኃኔዓለም ደጅ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ለራሴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ነው። ልጅህ ስምህን መስማት እስኪችል ድረስ እኔ አስታውስሃለሁ፣ ከነሳቅህ፣ ከነቁጣህ፣ ከነስሕተትህም። እስካለሁ አልረሳህም። ከእኔ በኋላ ለሚሆነው ግን ቃል ልገባልህ አልችልም።

ያንተው አስቴር