የአማትየዋና የገብሱ ፊልም

ሰኞ

ቀዶ ሕክምናው ሐሙስ ነው አሉኝ። ሆዴ ውስጥ ያለው እባጭ ክፉ ይሁን ደግ፣ ከፍተው ካላዩት አይታወቅም። አሰላ ተወልጄ እዚሁ አሰላ ልሞት ይሆን?

ነርሷ ካርዴን አንብባ ጮኸች። "የአማትየዋን ፊልም የሠሩት እርስዎ ነዎት? በየዓመት በዓሉ ቤት ሙሉ ሆነን ነው እኮ የምናያት!" ፈገግ አልኩ እንጂ ውስጤ ቀዘቀዘ። በሁለት ሳምንት ያወጣሁት ቀልድ ነው። ዘመን ይሻገራል ብዬ ሦስት ዓመት የለፋሁበትን፣ በቆጂ ገብስ ማሳ ላይ የቀረጽኩትን ፊልም ግን ማን አየው? ብሞት የምታወሰው በዚያች አማት ነው።

ማክሰኞ

ነርሷ ቀልዱን በስልኳ ከፈተችው። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አንዱማ ስፌቱን ይዞ "ተዉኝ፣ ይፈታብኛል!" ይላል። ባለቤቴ አልማዝም ሳቀች።

"ሰው ማሳቅ ምኑ ያሳፍራል?" አለችኝ።

ያልሳቅነው እኔና የጎን አልጋው ኦቦ ቱፋ ብቻ ነን። የሮቤ ገበሬ ናቸው፤ አማርኛው ፈጠነባቸው። የእሳቸውም ቀዶ ሕክምና ሐሙስ ነው።

ረቡዕ

ኦቦ ቱፋ ለቀዶ ሕክምናው አልፈርምም አሉ። "ቤቴ ልሙት።" ልጃቸው ጫልቱ ታለቅሳለች፤ ከዘገዩ አንጀታቸው ይዘጋል ብሏል ሐኪሙ።

ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ የበቆጂውን ፊልም ከፍቼ ስልኬን ሰጠኋቸው። ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ታሪክ ነው፤ ፊልሙ ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ተቆጡ። "ይሄ ገብስ መች ደረሰና ነው የሚያጭደው?" እውነታቸውን ነው፤ ብርሃኑ አምሮኝ ነበር ያሳጨድኩት። ኋላ ሰውየው ደጁ ላይ ቆሞ ባዶ ቤቱ መግባት ሲያቅተው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

"ፈርቷል" አሉ።

"እኔም ፈርቻለሁ" አልኳቸው።

እጄን ያዙኝ። ሰውየው በመጨረሻ እስኪገባ አብረን አየን። ከዚያ ጫልቱን ጠርተው ፈረሙ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ቢሞቱስ? በፊልሜ ገፍቼ ብገድላቸውስ?

ሐሙስ

ኦቦ ቱፋ ቀድመው ገቡ። ሁለት ሰዓት አለፈ፣ ከዚያም በላይ። ጫልቱ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን በር ታያለች። ፊቷን ማየት ፈራሁ። ነርሷ አጠገቧ ተቀምጣ አማትየዋን ከፈተችላት። ቆይቶ ጫልቱን ሳቅ አመለጣት፤ ደንግጣ አፏን ያዘች። ትከሻዋ ግን ወረደ፣ ተነፈሰች። በዚያ ቀልድ ሳላፍር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

በሩ ተከፈተ። ኦቦ ቱፋ ተኝተዋል፣ ይተነፍሳሉ። ጫልቱ ከአልጋው ጋር እየሮጠች ነው።

የኔን ስም እየጠሩ ነው። ይህችን መስመር ደብተሬ ላይ ቸኩዬ እየጻፍኩ ነው። አልማዝ "ደብተሩን ልያዝልህ" ትላለች።