ተከድኖ የኖረው ማር

ይድረስ ለልጄ ለእየሩስ፤ ያለሽበትን አገር እመብርሃን ትጠብቅልሽ። እኔ አለሁ፤ ገብሱም አሽቷል፤ እናትሽ ካረፈች ወዲህ ግን ቤቱ አልሞቅ አለኝ።

ዳቦ ቤትሽ በር ላይ ስምሽን ጽፈሽ ዳቦሽን ብታሞግሺ ትዕቢት ይሆንብሽ እንደሆን ጠይቀሽኛል። እናትሽ ገበያ ላይ «ማሬን ቅመሱልኝ!» ስትል «ተይ ወለተ ሚካኤል፣ ክርስቲያን ራሷን አታወድስም» ያልኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ማሰሮዋን ከድና ዳር ትቀመጥ ነበር። ለተዝካሯ የመጨረሻውን ማሯን ሳቀርብ፣ ዕድሜ ልክ ከጎኗ የሸጡት ሴቶች ቀምሰው «አያ ዓለምነህ፣ ይሄ የማን ማር ነው?» አሉኝ። ወደ ጓሮ ወጣሁ። ትሕትና ያልኩት የእኔው ይሉኝታ ኖሯል።

ጻፊው ልጄ፤ ሰጪውን ብቻ አትርሺ። የእሷንም ስም ከስምሽ አጠገብ አኑሪልኝ። ምርቃቷ ይከተልሽ።

አባትሽ