አዳራሹ ውስጥ የቀረው ምሰሶ

ጁባ፣ ረቡዕ፣ ጥር 13

«የሚደበድቡት ሰውዬ ዛሬም አልመጣም» አለ ዘበኛው ባዶ አየር በቡጢ ስንመታ እያየ፣ ለሻይ ሻጯ በጁባ ዓረብኛ። እውነቱን ነው። እኔም ይኸው ስንት ጊዜ ጠብቄው አልመጣም።

ቡሉክ ሰፈር ያለው አዳራሻችን ለሠርግ ስለተከራየ ዛሬ ካራቴ የሠራነው ውጭ፣ ግቢው ውስጥ ነው። ቅዳሜ ፈታኝ ከካምፓላ ይመጣል። ቡናማውን ቀበቶ ለማግኘት ካታውን፣ ማለትም ያንን ብቻችንን ከአየር ጋር የምንቧቀስበትን ቅደም ተከተል፣ ሳልሳሳት መጨረስ አለብኝ። ባለፈው ወድቄአለሁ። አሁንም ከወደቅኩ ሌላ ዕድል የለኝም፤ አስተማሪያችን ሴንሴይ ታደሰ ከፈተናው በኋላ ጓዛቸውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ሊገቡ ነው፤ እዚህ ሌላ አስተማሪ የለንም።

ካታ የሚደጋገመው አእምሮ ሲደነግጥ ሰውነት እንዳይረሳ ነው ይላሉ። የእኔ ሰውነት ምን በወጣው፣ አልረሳም። ተራዬ ደርሶ ስሠራ፣ ከሦስተኛው ቡጢ በኋላ እግሬ ወደ ጎን ሸሸ። አዳራሹ መካከል ያለውን ምሰሶ መዞሩ ነው። ግቢው ሜዳ ነው። ከእኔ ቀጥለው የወጡትም ሁሉ እዚያው ላይ ሸሹ። ለሌለ ምሰሶ ይህን ያህል አክብሮት አይቼ አላውቅም።

«ሴንሴይ፣ ምሰሶውን ሠርግ ቤት ትተነው መጥተናል እኮ» አለ አዲስ አበባ ያደገው ዴንግ።

ሴንሴይ አልሳቁም። «ካታ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ስንቴ ልንገራችሁ? ዞር በሉና እዩ።»

ዞር አልንላቸው። አሠራራቸው ያስቀናል። ከሦስተኛው ቡጢ በኋላ እሳቸውም ወደ ጎን ሸሹ።